ቦቴውን ማን ያጅበው? ጦር ሠራዊት፣ ነዳጅና ንጹህ ኃይል

የአሜሪካ ምድር ጦር በ2009 ባወጣው ጥናት ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች። አፍጋኒስታን ውስጥ ነዳጅ ጭነው ከሚጓዙ 24 አጀቦች በአንዱ አንድ ሰው ይሞታል ወይም ይቆስላል ትላለች። ኢራቅ ውስጥ ደግሞ ከ39 አጀቦች በአንዱ ገደማ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ይለያል።) ስለ ጦር ሠራዊትና ስለ ንጹህ ኃይል የተጻፈው ሰነድ ብዙ ነው፤ ስትራቴጂው፣ የማጣጣሚያ ዕቅዱ፣ የ2030ና የ2050 ግቡ መደርደሪያ ይሞላል። ከዚያ ሁሉ መካከል ይህችን ቁጥር የማስቀድመው ነገሩ ከየት እንደተነሳ ስለምትናገር ነው። መኮንኖቹ ወደ ፀሐይ ያንጋጠጡት የበረዶው ግግር መቅለጥ አስጨንቋቸው አልነበረም። ቦቴ ሲያጅቡ የሚያልቁ ልጆች ስለበዙባቸው ነው።

አፍጋኒስታን ወደብ የላትም። ነዳጁ ካራቺ ይራገፋል፤ የፓኪስታን ሾፌሮች በቦቴ ጭነው ወይ የኸይበርን መተላለፊያ ተሻግረው በቶርክሃም፣ ወይ በደቡብ በኩል በቻማን ያስገቡታል። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ሰፈሮች፣ ከትልልቆቹ ሰፈሮች ደግሞ ፈንጂ በተቀበረበት የጠጠር መንገድ፣ ፊትና ኋላውን በታጠቀ ኃይል ታጅቦ ወደየምሽጉ ይበተናል። በመስከረም 2010 መጨረሻ ፓኪስታን የኔቶ ሄሊኮፕተር ወታደሮቿን ገደለ ብላ ቶርክሃምን ስትዘጋ፣ ተሰልፈው የቆሙ ከ100 በላይ ቦቴዎችና ከባድ መኪኖች በታጣቂዎች እሳት ጋዩ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ሌላ ጥቃት ደረሰና መንገዱ ለሰባት ወራት ተቆለፈ፤ ጭነቱ በመካከለኛው እስያ ሲዞር አሜሪካን በወር 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ ወጪ አስወጣት። ፔንታጎን በ2009 ለአሜሪካ ምክር ቤት እንዳስረዳው፣ ራቅ ካሉት ምሽጎች የሚደርስ አንድ ጋሎን ነዳጅ፣ ማጓጓዣውና ጥበቃው ሲታሰብ፣ እስከ 400 ዶላር ይፈጃል። ሊትሩ ከ100 ዶላር በላይ ማለት ነው።

ይህን ያህል የተከፈለበት ነዳጅ ምን ላይ ይውላል? ታንክና አውሮፕላን የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። በምሽጎቹ ግን ትልቁን ድርሻ የሚውጠው ጄኔሬተር ነበር፤ ጄኔሬተሩም ጉልበቱን የሚጨርሰው ድንኳን በማቀዝቀዝ ነው። በበረሃ ፀሐይ ሸራ ድንኳን ውስጥ ኤሲ መክፈት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። በኢራቅ የጄኔራል ፔትሬየስ የሎጂስቲክስ ኃላፊ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ስቲቨን አንደርሰን፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2011፣ በሁለቱ አገሮች ለማቀዝቀዣ ብቻ በዓመት 20 ቢሊዮን ዶላር ይወጣል ብለው ተናገሩ። ፔንታጎን ስሌቱን አልተቀበለውም። እውነትም ሰውየው መንገዱንም አጀቡንም ሁሉ ደምረውበታል፤ ቁጥሩን ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም። ልቤን የሳበው መፍትሔያቸው ነው፤ ድንኳኑ ላይ ሲደርቅ የሚጠነክር አረፋ መርጨት። ሙቀቱ እንደ ልቡ መግባት ሲያቆም የኤሲው ሸክም በእጅጉ ወረደ፤ ኤሲው ሲቀንስ የጄኔሬተሩ ቁጥር፣ ጄኔሬተሩ ሲቀንስ ቦቴው ቀነሰ። አንድም የፀሐይ ሰሌዳ አልተተከለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ሁሉ ምናልባት ብልሁ ሥራ ይኸው ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ስለማያምር ግን ብዙም አልተወራለትም።

ሰሌዳውን በይፋ የጠየቁት ደግሞ ሌላ ጄኔራል ናቸው። በምዕራብ ኢራቅ፣ አንባር፣ የባሕር ወለድ ጦሩን (ማሪኖቹን) ይመሩ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ሪቻርድ ዚልመር በ2006 ክረምት ለበላይ አካል አስቸኳይ ጥያቄ ላኩ፤ የፀሐይና የነፋስ ኃይል መሣሪያ ይላክልኝ፣ አጀቡ ካልቀነሰ ጉዳታችን ይቀጥላል የሚል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጻፈው ለጥይት መከላከያ ወይም ለፈንጂ ማክሸፊያ ነበርና ያልተለመደ ነው። መልሱ ዘገየ። ፍሬው የታየው በ2010 መጨረሻ በሄልማንድ ግዛት ሳንጊን ላይ፣ 25 ልጆቹን ባጣውና በዚያ ጦርነት ከባድ መስዋዕትነት ከከፈሉት አንዱ በሆነው በሦስተኛው ሻለቃ አምስተኛ ማሪን ሬጅመንት እጅ ነው።

የሻለቃው አንድ ሻምበል ይዞት የሄደው ነገር ሲያዩት የሚያስገርም አይደለም። ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ የፀሐይ ሰሌዳ፣ የሬዲዮ ባትሪ መሙያ፣ ለድንኳን የሚሆን ኤልኢዲ መብራት፣ በመሬት ላይ የሚዘረጋ ትልቅ ሰሌዳ ከነባትሪው። ከምሽጎቹ በአንዱ ጄኔሬተሩ በቀን ከ75 ሊትር በላይ ናፍጣ ይጠጣ የነበረው 10 ሊትር ወደማይሞላ ወረደ። ለቅኝት የሚወጣ ጓድ ወትሮ ለሬዲዮው፣ ለሌሊት መነጽሩና ለቦታ ጠቋሚው ኪሎ በኪሎ ባትሪ ይሸከማል፤ አሁን እዚያው የሚሞላውን ይዞ ሦስት ሳምንት ያህል ባትሪ ሳይላክለት ቆየ። ማንም አስቀድሞ ያልገመተው ትርፍም ተገኘ፤ ዝምታ። ጄኔሬተሩ ሌሊት ሲጠፋ ዘቡ ኮቴ መስማት ቻለ። ለወታደር ይህን ከነገሩት በኋላ ስለ ካርቦን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ጠባይ አዲስ አይደለም። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት የተሻገረው፣ በዊንስተን ቸርችል የባሕር ኃይል ሚኒስትርነት ዘመን፣ መርከቡ ይፍጠን፣ ጭሱ ከሩቅ አይታይ፣ አካፋ የሚይዝ መርከበኛም ይቀነስ ተብሎ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ የዌልስ ከሰል ከቤት ነበር፣ ዘይቱ ግን ከፋርስ ሊመጣ ሆነ። መንግሥት በሰኔ 1914 የአንግሎ ፐርሺያን ኩባንያን አብላጫ ድርሻ ገዛ። ከዚያ ወዲህ መካከለኛው ምሥራቅ ላይ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ሠራዊት ኃይሉን ሲቀይር አንዱን ገመድ በጥሶ ሌላ ገመድ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ባትሪው ጋ ስንደርስ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ ደምቆ የወጣው፣ የተሰነካከለውም፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። ከ2009 እስከ 2017 የመሩት ሬይ ሜበስ እስከ 2020 ድረስ የኃይሉ ግማሽ ከነዳጅ ዘይት ውጪ እንዲሆን ግብ አስቀመጡ። በ2012 በሃዋይ ዙሪያ በተካሄደው ልምምድ ታላቁ አረንጓዴ ሰልፍ የተባለው የመርከብ ጓድ ከአልጌና ካገለገለ የምግብ ዘይት የተጣራ ነዳጅ ከመደበኛው ጋር ቀላቅሎ ቀዘፈ። ያ 450,000 ጋሎን 12 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ጋሎኑ ከ26 ዶላር በላይ ማለት ነው። ሴናተር ጆን ማኬይንና ጓዶቻቸው ይህን የቅንጦት ነዳጅ አድርገው ቀጠቀጡት፤ ምክር ቤቱም በዋጋ ካልተወዳደረ እንዳይገዛ በሕግ አሰረ። በ2016 የስቴኒስ ተሸካሚ መርከብ ጓድ ሲወጣ ዋጋው ወደ ሁለት ዶላር ወርዶ ነበር። የወረደበት ምክንያት ግን ቅይጡ ነው፤ 10 በመቶው ከአሜሪካ የከብት አርቢ ክፍለ አገሮች የመጣ የበሬ ሞራ፣ 90 በመቶው የተለመደው ነዳጅ። ከግማሽ ተነስቶ ሞራ የገባበት አንድ አሥረኛ ላይ መድረስ ሽንፈት ነው ብሎ መናገር ይቻላል። እኔም እንደዚያው አያለሁ። ዘመቻው የተጀመረው ወታደር ከሚሞትበት መንገድ ሳይሆን ከፖለቲካ ንግግር ስለነበረ፣ ዋጋው በተነሳ ጊዜ የሚከራከርለት ሻምበል አልነበረውም።

ሁለተኛው ግፊት ከሰማይ መጣ። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ሃሪኬን ማይክል ፍሎሪዳ ላይ ያለውን የቲንዳል አየር ኃይል ሰፈር መታው። በአንድ ቀን ሰፈሩ የፍርስራሽ ክምር ሆነ፤ በጥገና ምክንያት መብረር ያልቻሉ 17 ኤፍ-22 ተዋጊ ጄቶች ጣሪያው በላያቸው በተገነጠለ ሃንጋር ውስጥ ቀሩ። መልሶ ግንባታው 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሃሪኬን ፍሎረንስ የማሪኖቹን ካምፕ ሌጁን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ጉዳት አድርሶበት ነበር። በመጋቢት 2019 ደግሞ ከባሕር እጅግ በራቀችው ነብራስካ ሚዙሪ ወንዝ ሞልቶ የኦፉት አየር ሰፈርን ሲሶ ዋጠው፤ ኦፉት የአሜሪካ የኑክሌር ጦር ዕዝ መቀመጫ ነው። በቨርጂኒያ የኖርፎክ ባሕር ኃይል ሰፈር፣ በዓለም ትልቁ፣ የባሕሩ ወለል ባለፉት መቶ ዓመታት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ መሬቱም ራሱ እየሰጠመ ነው። ዝናብ ሳይዘንብ፣ ማዕበል በሞላ ቁጥር፣ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው መንገድ ውኃ ይተኛበታል።

እዚህ ላይ የጦሩ ቃል ሚዛን ይደፋል ባይ ነኝ። ስለ ዓለም ሙቀት የሚከራከር ሰው ጥርጣሬውን እስከ ነገ ያሳድር ይሆናል፤ ጣሪያው የተገነጠለበት የሃንጋር አዛዥ ግን አይጠራጠርም። ለዚህ ነው ማይክሮግሪድ የሚባለው፣ ዋናው የከተማ መስመር ሲቋረጥ ተነጥሎ በራሱ መቆም የሚችል የኃይል መረብ፣ ፓርቲ ሳይለይ ገንዘብ የሚያገኘው። ሳን ዲዬጎ አጠገብ ያለው የሚራማር ማሪን ሰፈር ከቆሻሻ መጣያ ከሚወጣ ሚቴን ጋዝ፣ ከፀሐይ፣ ከባትሪና ከናፍጣ የተዋቀረ መረብ አለው፤ ካሊፎርኒያ በሙቀት ስትጨነቅ ከከተማው መስመር ተላቅቆ ኃይሉን ለነዋሪው ትቷል። የምድር ጦሩ በየካቲት 2022 ባወጣው የአየር ንብረት ስትራቴጂ በ2035 እያንዳንዱ ሰፈር ማይክሮግሪድ እንዲኖረው አቅዶ ነበር። ቴክሳስ ያለው ፎርት ሁድ ከ2017 ጀምሮ 65 ሜጋ ዋት የፀሐይና የነፋስ ኃይል ይጠቀማል። በሞሃቪ በረሃ በኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈርና በአካባቢው የተተከሉት ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይጠቀሳሉ፤ ነገር ግን ጦሩ እዚያ በዋናነት መሬት አከራይ ነው፣ ኃይሉ የሚሸጠው ለከተሞችና ለኩባንያዎች ነው። ፎቶግራፉ ላይ ይህ አይታይም።

እንግዲህ ወደማይመቸው እንምጣ። ከፔንታጎን የኃይል ፍጆታ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው የሚሄደው ለመንቀሳቀሻ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው የጄት ነዳጅ። ሰፈር ውስጥ የሚተከል ሰሌዳ ይህን አይነካውም። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ ከአንድ ኪሎ ባትሪ ከ40 እጥፍ በላይ ኃይል ይሸከማል፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚበር ተዋጊ ጄት ለመጪዎቹ አሥርት ዓመታት አይጠበቅም። የብሪታንያ አየር ኃይል በኅዳር 2022 አንድ ትልቅ የነዳጅ ማመላለሻ አውሮፕላን መቶ በመቶ ከፔትሮሊየም ውጪ በሆነ ነዳጅ አብርሯል፤ መብረሩ ይቻላል ማለት ነው፣ ለመላው ሠራዊት የሚበቃ ዘይት ከየት ይመጣል የሚለው ግን እንዳለ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል መሐንዲሶች አሮጌውን ኬሲ-135 አውሮፕላን ሲመረምሩ የመስታወት መጥረጊያው አግድም ከሚተኛ ቀጥ ብሎ ቢቆም የነፋሱ ግጭት እንደሚቀንስ ደረሱበት፤ ቁጠባው በመቶ አንድ የማይሞላ ነው፣ በዓመት ግን ሚሊዮኖች ዶላር ያድናል። የዘርፉ እውነተኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነው፤ መጥረጊያ ማቆም፣ ሞተር መለወጥ፣ ድንኳን ላይ አረፋ መርጨት። ከዚያ በላይ ለመቀነስ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በረራውን መቀነስ። ይህ ደግሞ የመሐንዲስ ጥያቄ አይደለም፤ አንድ አገር በዓለም ዙሪያ ስንት ጦር ሰፈር ይኑረው የሚል ጥያቄ ነው።

ኔታ ክሮፎርድ የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ይህንኑ ሲያነሱ ኖረዋል። በእሳቸው ስሌት የፔንታጎን ልቀት በ2017 ብቻ 59 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ መላዋ ስዊድን በዚያው ዓመት ከለቀቀችው ይበልጣል። ምሁሯ ከይፋ ሰነድ ለቅመው ማስላት የተገደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 የኪዮቶ ስምምነት ሲረቀቅ በአሜሪካ ግፊት የዓለም አቀፍ በረራና መርከብ ነዳጅ እንዲሁም የብዙ አገሮች የጋራ ዘመቻ ከአገር ሒሳብ ውጪ ተደረገ። የ2015 የፓሪስ ስምምነት ይህን ነፃነት ቢያነሳም ሪፖርቱን በፈቃደኝነት ላይ ተወው፤ ብዙ መንግሥታት ወይ አያቀርቡም ወይ ጎዶሎ አድርገው ያቀርባሉ። በ2022 ሁለት የብሪታንያ ተቋማት ባለው መረጃ ገምተው የዓለም ሠራዊቶች ድርሻ ከጠቅላላው ልቀት 5.5 በመቶ ገደማ ነው አሉ፤ አንድ አገር ቢሆኑ ከቻይና፣ ከአሜሪካና ከሕንድ ቀጥለው አራተኛ ይሆናሉ። ጦርነቱ ራሱ ሲጨመርበት ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የዩክሬኑ ጦርነት በሦስት ዓመት ከቃጠሎው፣ ከነዳጁና ከሚጠብቀው መልሶ ግንባታ ጋር 230 ሚሊዮን ቶን ያህል ተገምቷል። ኔቶ በ2022 ማድሪድ ላይ በ2030 ልቀቴን በ45 በመቶ እቀንሳለሁ ሲል የገባው ቃል የኔቶን የራሱን መሥሪያ ቤቶችና ዕዞች እንጂ የአባል አገሮቹን ጦር አይመለከትም።

የአየር ንብረት ደኅንነት የሚባለው ሌላው ክር እስካሁን ካየነው ይለያል። የቀድሞው ነገር በእጅ የሚዳሰስ ነው፤ ናፍጣ፣ ጣሪያ፣ ባትሪ። ይህኛው ትንበያ ነው። በ2007 ጡረታ የወጡ አሥራ አንድ የአሜሪካ ጄኔራሎችና አድሚራሎች በሲኤንኤ ጥናት ተቋም በኩል ባወጡት ሪፖርት የአየር ንብረት ለውጥ ሥጋትን የሚያባዛ ኃይል ነው ብለው ጻፉ፤ አባባሉን የቀረጹት ሼሪ ጉድማን ናቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ብሪታንያ ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ወሰደችው። በታኅሣሥ 2021 አየርላንድና ኒጀር ያቀረቡት ረቂቅ አሥራ ሁለት ድምፅ ቢያገኝም ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር ጣለችው፤ ሕንድም ተቃወመች። የሕንድ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ከባቢውን የበከለው ሀብታም አገር ሲሆን ደሃው አገር ለምን የጸጥታ ሥጋት ተብሎ ይመዘገባል?

ምሁራኑም አልተስማሙም። በ2009 ማርሻል በርክና ባልደረቦቹ ሙቀት ሲጨምር በአፍሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ይጨምራል የሚል ጥናት አወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ሃልቫርድ ቡሃውግ ከኦስሎ በዚያው መጽሔት ላይ ግንኙነቱ ውኃ አያነሳም ብሎ መለሰ። ባን ኪ ሙን በ2007 የዳርፉርን ግጭት ከድርቅ ጋር ሲያያይዙ፣ አካባቢውን ለረጅም ጊዜ ያጠኑ እንደ አሌክስ ደ ዋል ያሉ ሰዎች ድርቁ ኖሯል፣ ሚሊሺያውን ያስታጠቀው ግን መንግሥት ነው አሉ። በ2019 የተለያየ አቋም ያላቸው ባለሙያዎች ተሰብስበው ግምታቸውን ሲሰጡ፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት የአየር ንብረት በአገር ውስጥ ግጭት ሥጋት ላይ የነበረው ድርሻ ከ3 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ደካማ አስተዳደርና ድህነት ይቀድሙታል ወደሚል አዘነበሉ።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው አራተኛ ብርጌድ ያመፀው የወታደሩ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም ስላሉ፣ ምግቡም የማይበላ ስለነበረ ነው። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው። በዚያው ሰሞን የወሎ ረሃብ ገበሬውን ጨርሶ ነበር። በየካቲት ደግሞ የዓረቦቹ የነዳጅ ማዕቀብ ያስከተለው ጭማሪ የአዲስ አበባን ታክሲዎች ከሥራ አቆመ። ድርቅ፣ ውኃ፣ ነዳጅ፤ ሦስቱም ተገጣጥመዋል፤ ሥጋት ተባዛ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ነገር ግን ዝናብ በቀረ ዓመት ሁሉ መንግሥት አይወድቅም። ወሎ የተቃጠለው ረሃቡ ስለተደበቀ፣ ብርጌዱ የተነሳው ጉድጓድ እያለ ስለተነፈገ ነው። የድርቁን መጠን የሚለካ ሳተላይት መኮንኑ ከጉድጓዱ ላይ የቆለፈውን መቆለፊያ አያይም። ከ2020 እስከ 2023 በተከታታይ የቀሩት የዝናብ ወቅቶች የእኛን ቦረናና ሶማሊ፣ ሶማሊያንና ሰሜን ኬንያን ሲያጠቁም ያየነው ይህንኑ ነው፤ ከብቱን የጨረሰው ድርቁ ቢሆንም፣ በሶማሊያ እህሉ ለተራበው እንዳይደርስ መንገድ የዘጋው አል ሸባብ ነው። ስለዚህ ጄኔራሎቹ ስለ ፓምፕና ስለ ቦቴ ሲናገሩ እሰማቸዋለሁ፤ ስለ ስደተኛ ጎርፍ ካርታ ሲዘረጉ ግን ካርታውን ማን አዘጋጀው፣ ለየትኛው በጀት ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ ገመዱ እንመለስ። ንጹህ ኃይል የሚያስፈልገው ባትሪ በአብዛኛው በቻይና እጅ ነው። በካምፕ ሌጁን የተተከለው ትልቅ ባትሪ ሲኤቲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ምርት ሆኖ በመገኘቱ በታኅሣሥ 2023 የኃይል ኩባንያው ከመስመሩ ነቀለው። ምክር ቤቱም ፔንታጎን ከጥቅምት 2027 ጀምሮ ከስድስት የቻይና ኩባንያዎች ባትሪ እንዳይገዛ በሕግ ከለከለ። ከፋርስ ዘይት ወደ ቻይና ባትሪ መሻገር ነጻ መውጣት አይደለም የሚል ክርክር በዋሽንግተን በርትቷል፤ ግማሽ ልክ ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ የተቃጠለ ቦቴ በማግስቱ ሌላ ቦቴ ይጠይቃል፣ አንዴ የገባ ባትሪ ግን ለዓመታት ያገለግላል። አቅራቢው ቢያኮርፍ መብራቱ ዛሬ ማታ አይጠፋም።

በ2025 ፖለቲካው ተገለበጠ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የባይደንን የአየር ንብረት ትዕዛዝ ሻሩ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሰት ጉዳዩ የፔንታጎን ሥራ አይደለም ብለው በማያሻማ፣ በጨዋ ቋንቋም በማይደገም ቃል ተናገሩ። ጥናቶች ተሰረዙ። በስብሰባ ቃል ላይ የቆመው ሁሉ ወደቀ። ቲንዳልን መልሶ መገንባቱ ግን አልቀረም፤ ሰፈር በራሱ ኃይል መቆም አለበት የሚለውም ሐሳብ ከስሙ ላይ የአየር ንብረት የሚለው ተፍቆለት ቀጠለ። አሁን የተመረጠው መሣሪያ አነስተኛ የኑክሌር ማብላያ ነው፤ በግንቦት 2025 የወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ እስከ መስከረም 30 ቀን 2028 ድረስ ምድር ጦሩ በአንድ ሰፈር ውስጥ ማብላያ እንዲያስነሳ ያዛል፤ ጃነስ የተባለው ፕሮግራም በጥቅምት ታወጀ። ምድር ጦሩ ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ1960 ግሪንላንድ በረዶ ሥር በቆፈረው ካምፕ ሴንቸሪ ማብላያ አስገብቶ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያህል ሠርቶ ተነቀለ፣ ቆሻሻው ግን በረዶው ውስጥ ነው። በጥር 1961 ደግሞ አይዳሆ ላይ ኤስኤል-1 የተባለው የጦሩ ማብላያ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የዛሬዎቹ ዲዛይኖች ከእነዚያ የተሻሉ ናቸው፤ ጥያቄዬ ስለ ዲዛይኑ አይደለም፤ በጦር ቀጠና የተመታ ማብላያ ከተመታ የፀሐይ ሰሌዳ ጋር እኩል አይታይም።

የእኛ ወታደር በዚህ ሁሉ የት አለ? በሰላም አስከባሪነት። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ተልዕኮዎች ከድርጅቱ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይይዛሉ፤ አብዛኛው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ድርጅቱ በ2030 ኤሌክትሪኩን 80 በመቶ ከታዳሽ ኃይል አገኛለሁ ብሏል። በ2020 ለባይዶዋ፣ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት በሰፈሩባት ከተማ፣ ከአንድ የኖርዌይ ኩባንያ የፀሐይ ኃይል ለመግዛት ውል ተፈረመ። ችግሩ የፀሐይ ብርሃን ማነስ አይደለም። የፀሐይ ጣቢያ ወጪውን ለመመለስ ዓመታት ይፈልጋል፤ የተልዕኮ ሥልጣን ግን የሚታደሰው ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ባንክ ለማበደር ያመነታል።

ሌላም አለ። ወታደር የሚያዋጣ አገር ጄኔሬተሩን ይዞ ይሄዳል፤ ድርጅቱ ለጄኔሬተሩ ኪራይ ይከፍላል፣ ናፍጣውን ደግሞ ራሱ ያቀርባል። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት፣ ከ2011 እስከ 2022 በዋናነት ኢትዮጵያውያን በጠበቋት አብዬ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቦቴ ስለማይገባ ነዳጁ በበጋ ይከማቻል። ያንን ቦቴ የሚያጅበው ወታደር ነው፣ ናፍጣው የሚገዛው ግን ከኒውዮርክ በጀት ነው። ሳንጊን ላይ የነዳጁን ዋጋ የሚከፍለውና በነዳጁ የሚሞተው አንድ ሠራዊት ስለነበር ሰሌዳው ፈጥኖ ገባ። አብዬ ላይ የጄኔሬተሮቹን ቁጥር የቀነሰ የሻለቃ አዛዥ የአገሩን የኪራይ ገቢ ይቀንሳል፣ የቆጠበው ናፍጣም የእሱ አይደለም፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።